«የሎሚ ግቢ» ጫት ተራ ሲደርስ

ጥቅምት 7 ቀን 2017፣ ሐሙስ

እንዳሻው ከአዳማ ደወለ። ልጄ ሲደውል መጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ስለ በሩ ቁልፍ፣ የደወለበትን ጉዳይ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። የዛሬው ጉዳይ፦ ጥምቀት እንዳለፈ መጥቶ ሊወስደኝ ወስኗል። የምተኛበትን ክፍል አስቀብቷል። ይህን የጭሮ ቤት የሚከራይ ሰውም አግኝቷል። «እዚያ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ? አንድ የምትሠሪውን ነገር ንገሪኝና እተውሻለሁ» አለኝ።

ዕድሜዬን በአውራጃ ፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና ፊት ያሳለፍሁ፣ ዳኞች ሲሳሳቱ በትሕትና የማርም የነበርሁ ሴት፣ ለገዛ ልጄ መልስ አጣሁና «እሺ» አልሁት።

ማለቴም ተገቢ ነው። አዳማ ሜዳ ነው፤ ለጉልበት ይስማማል።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ዛሬ ተናደድሁ። ከምክንያቱ ልጀምር።

ማታ ማታ «የሎሚ ግቢ» የሚባል ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ አያለሁ። የማየው የተርጓሚዎቹን ስህተት ለመከታተል ነው። ጎረቤቴ ኩብራ ጫት ነጋዴ ናት፤ ድራማው በሚታይበት ሰዓት እሷ ጫት ተራ ጭነት ታስጭናለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትመጣና የተደረገውን ሁሉ፣ የተባለውንም ቃል በቃል እነግራታለሁ። እሷ ደግሞ ጫት ለሚያስሩት ሴቶች ትነግራለች። እስከ ዛሬ በትክክል የምትነግራቸው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ከዳቦ ቤት ስመለስ ከአሳሪዎቹ አንዷ ኡምኩልሱም መንገድ ላይ አቆመችኝ። እጄን ያዘችና፣ እናቴ ለማለት «አዬ» እያለች፦

«አይዞሽ አዬ፤ ዲላራ እንዲያ ሰጥማ መሞቷ እኛንም አስለቀሰን» አለችኝ።

የድራማዋ ዲላራ አልሰጠመችም! ጫማዋ ነው የረጠበ! ኩብራን ጠርቼ ጠየቅኋት።

«ዘውዴ ሙች፣ ጫማዋ ረጠበ ብዬ ማን ይሰማኛል? ጫት እያሰሩ እኮ ነው፤ እንቅልፍ ይጥላቸዋል» አለች።

«ነገስ ዲላራ በቴሌቪዥን በሕይወት ስትታይ ምን ልትያቸው ነው?»

«አስነሳታለሁ። ባለፈውም አስነስቻታለሁ።»

ባለፈውም! ማለት ሁለት ጊዜ ሰጥማለች። ኡምኩልሱም «አንቺ» ማለቷን ያስተዋልሁት አሁን ስጽፍ ነው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የኩብራ ልጅ ሳብሪና የሱቅ ታፔላ ትሥላለች። የከተማችን ፀጉር ቤትና መድኃኒት ቤት ግማሹ የእሷ እጅ ነው። ዛሬ ጠርቼ፦ «እናትሽ ሰው እየገደለች ነው። የረጠበውን ጫማ ሣይልኝ፤ ሥር ሥሩን እኔ እጽፋለሁ። እነዚያ ሴቶች እውነቱን ይዩ» አልኋት።

ተቀምጣ በካርቶን ላይ ሣለች። ዲላራ ከጀልባ ስትወርድ፣ እግሯ ሲስት፣ ጫማው፣ ወጣቱ ራሚዝ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያነሣ። አራት ሥዕል። ክፉዋን አክስት ሃሊዴን ከዛፍ ኋላ አቆመቻት። ኩብራ መጥታ አየችና «ይቺን አስቀያሚ ከየት አመጣሻት?» አለች። አፍንጫው የራሷ የኩብራ አፍንጫ ነው። ሳብሪናም እኔም ወለሉን አየን። ኩብራ ከሄደች በኋላ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነበር? ይህ ለማስታወሻ የሚገባ ጥያቄ አይደለም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ካርቶኑን ሴቶቹ ስለ ወደዱት ታሪኩን በየሳምንቱ የሥዕል መጽሐፍ አድርገን ልናወጣው ወሰንን፤ ቁጥር አንድ ወጣ። ስምንት ገጽ። አብዱናስር በፎቶ ኮፒ ቤቱ አባዛው፣ አጠፈው፣ በስቴፕለር ያዘው። ስቴፕለሩ ጠማማ ነው፤ ነግሬዋለሁ።

ከሳብሪና ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ሰዎቹ የሚናገሩት በክብ ነገር ውስጥ ይጻፋል፤ ፊኛ ትለዋለች። ራሚዝ አክስቱን ከቤት የሚያስወጣበትን ንግግር አሰምሬ ሰጠኋት፦ «ክብርት አክስቴ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ባይገኙልኝ እጅግ ደስ ይለኛል።»

«እማማ፣ ፊኛው ፈነዳ» አለች።

«ፊኛውን አስፊው።»

«ፊቱ ይጠፋል። እንዲህ የሚጣላ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም። ‹ውጪ!› ቢላትስ?»

«አክስቱን? አንቺ ብሎ?»

«ተናዷል እኮ፣ እማማ!»

በመጨረሻ «ይውጡ!» ላይ ተስማማን። ሳየው ኃይለኛ ነው። ከእኔ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይልቅ ኃይለኛ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ በማስመሪያ እጃችንን ይመቱን የነበሩት መምህርት ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ይመቱኝ ነበር። ከዚያ ደብቀው ያነቡት ነበር።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

አለቀ። ሁሉም ቅጂ ተሸጦ አለቀ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ሚኤሶ ወስዶታል። ከመሰላ ከተማም ጠይቀዋል። ቁጥር ሁለት ቅዳሜ ይድረስ ተብሏል። ሽንኩርቱ አረረ። በኋላ እጽፋለሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ትናንት ድራማው መካከል ላይ መብራት ጠፋ። የጠፋውም በክፉ ሰዓት ነው። ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሚዝ ገና ሕፃን ሳለ ያሳያል፤ እናቱ ታማለች፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ የዲላራ እናት በሩን ታንኳኳለች። ጨለማ። መብራቱ ሲመለስ ሕፃኑ ተኝቷል፣ ሰዎቹ ስለ መሬት ይነጋገራሉ።

ሳብሪና ጠዋት መጥታ እርሳሷን ይዛ ጠበቀችኝ። ምን ልበላት? የቁጥር ሦስት ገጽ አምስት ባዶ ሊቀር ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ምን ያስተኛዋል? ወላድ ሴት ገብታለች። የራሷ ልጅ ዲላራ ገና ጡት አልጣለችም። ነገሩ ግልጽ ነው። «አጠባችው» አልኋት። ሳብሪና ሣለችው፤ ሴትዮዋ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሕፃኑ ጡቷን ይዞ። ከሥዕሎቿ ሁሉ ያማረው ይህ ነው። እርሳሷን ይዛ ትንሽ አየችኝና «ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲህ ነው?» አለች።

«ቀጥይ» አልኋት።

ፈጠራ አይደለም። ማገናዘብ ነው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ትናንት ቅዳሴ ላይ የማኅበር ጓደኛዬ ሰርክአዲስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ሰርክአዲስ በሕይወቷ በቅዳሴ መካከል ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«ራሚዝ እንደ ታሰረ ይቀራል?» አለችኝ።

ደነገጥሁ። ጫት ተራ የሚነበብ ነገር ቤተ ክርስቲያን እንዴት ገባ? «ቅዳሜ በሚወጣው ቁጥር ይፈታል» አልኋት። «ተመስገን» ብላ ወደ ጸሎቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሳቅ መጣብኝ። በነጠላዬ አፌን ይዤ ተንቀጠቀጥሁ፤ አንዲት ልጅ የማለቅስ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። አሳፋሪ ነው። ንስሓ የሚገባበት ነገር ነው። አሁንም እየሳቅሁ ነው።

ኩብራ እንደምትለው ጫት ተራ ማንበብ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ኡምኩልሱም ጆንያ ላይ ቆማ በአማርኛ ታነባለች፣ ወዲያው በኦሮምኛ ትደግመዋለች፤ ሌሎቹ እያሰሩ ይሰማሉ። ሃሊዴ በመጣች ቁጥር የቅጠል ገለባ ይወረወርባታል። አንዱን ቅጂ እየተቀባበሉ በጫት እጃቸው ስለሚነካኩት ሳብሪና «ሃሊዴ ፊቷ አረንጓዴ ሆኗል» ትላለች።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

እንዳሻው ደወለ። ዕቃ መሸከፍ መጀመሬን ጠየቀ። ጀምሬያለሁ። ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ነበር። ዛሬ ሳብሪናና አብዱናስር ቁጥር ሰባትን ሲያጥፉ ስለ ዋሉ ሽሮ አቀረብሁላቸው፤ ሳህኖቹን አወጣሁ። ነገ መልሼ አስገባለሁ።

ስለ መጽሐፉ አልነገርሁትም። ምን ልበለው? እናትህ ፊኛ ትሞላለች ልበለው?

«ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። የተጣደፍሽ ትመስያለሽ።»

«ጾም ነው» አልሁ። ጾም ሰውን አያጣድፍም። ምን ዓይነት መልስ ነው?

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ራሚዝ ዲላራን ለጋብቻ ጠየቃት! በሎሚው ዛፍ ሥር! ቀለበቱን ከኪሱ ሲያወጣ ብድግ አልሁ፤ ጉልበቴን አላስታወስሁትም። ሳብሪና ሁለት ገጽ ሙሉ ሥዕል ሰጠችው። ፊኛው ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ጻፍሁ፦ «እሺ።» ቁጥር ዘጠኝ ነገ ይወጣል። ከሁሉም የተሻለው ነው። ራስን ማመስገን ባይገባም የተሻለው ነው።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ኩብራ በጠዋት ሳታንኳኳ ገባች። አንድ እቅፍ ቁጥር ዘጠኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ሴቶቹ መልሰውታል።

«ዘውዴ፣ ምን አደረግሽ? ወንድምና እህት አጋባሽ እኮ!»

«የትኞቹን?»

«ቁጥር ሦስት ላይ የዲላራ እናት ራሚዝን አጥብታዋለች። በእኛ ዘንድ ከአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው። አይጋቡም። ሐራም ነው! ኡምኩልሱም እያነበበች ዲላራ ‹እሺ› የምትልበት ገጽ ላይ ደረሰች። ከዚያ ተራው ተገለበጠ። ጭነት ዘገየ፤ ሹፌሮቹ ጥሩንባ ሲነፉ የሚሰማቸው የለም።»

አላወቅሁም። ከኩብራ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ እዚህ አርጅቻለሁ፤ ልጆቿን አቅፌአለሁ፤ ይህን ግን አላወቅሁም።

«ግማሾቹ ቴሌቪዥኑ ተሳስቷል ይላሉ» አለች ኩብራ። «ግማሾቹ ደግሞ፣ ቱርኮች እስላሞች ናቸው፣ ይህን አይስቱትም፣ የተሳሳተችው ዘውድነሽ ናት ይላሉ።» ከዚያ አየችኝ። «አልተሳሳትሽም አይደል? አንቺ እኮ አትሳሳቺም።»

በሩ ላይ ሳብሪና ቆማለች። «እኔም ስሥለው ቱርኮቹን ምን ነካቸው ብዬ ነበር» አለች። «ግን እማማ አይተውት ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

እኔ የተመለሱትን ቅጂዎች ጠርዝ ለጠርዝ እያስተካከልሁ ደረደርሁ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ሳብሪና አልመጣችም። የጎሚስታ ቤት ታፔላ ይዛለች ተባለ። ቅዳሜ የሚወጣ ቁጥር የለም። እንዳሻው ደወለ፤ ምን እየሠራሽ ነው አለ። ምንም፣ አልሁ። እንግዲህ፣ አለ። ሳህኖቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ኩብራ እንደ ወትሮዋ ለእንኳን አደረሰሽ መጣች፤ ስኳርና ብስኩት ይዛ። ስለ ጡቱ ላለማንሣት ብዙ ታገለች። አልቻለችም።

«ኡምኩልሱም ሥራ እምቢ አለች። ሳይጣራ አላነብም፣ ወንድምና እህት ሲጋቡ አፌን አልከፍትም አለች። ሼህ አብዱልቃዲር ይጠየቁ ተብሏል። እሳቸው ደግሞ ጻፈችው የተባለችው ሴት ራሷ ካልመጣች አልናገርም አሉ።»

«የት ነው የምመጣው?»

«ጫት ተራ ነዋ።»

«እኔ? ጫት ተራ?»

«ምነው፣ ሰው ይበላል?» አለች ኩብራ። «እኛ እዚያ ነው የምንውለው።»

እንዳሻው ጥር 14 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም። እንዲያውም ባልሄድ ማንም አይወቅሰኝም። ጥሩ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ቀኑን ሙሉ እንዳሻውን ስጠብቅ ዋልሁ። ሻንጣው በር ላይ፣ ካርቶኑ በላዩ። ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ኩብራ ሳብሪናን «ዛሬ ሼሁ ይመጣሉ፣ እሷ ግን ልትሄድ ነው» ስትላት ሰማሁ። ሳብሪና «ተዪያት፣ ደክሟት ነው» አለች።

ደክሟት ነው! ነጠላዬን ለበስሁና ወጣሁ።

ጫት ተራ ስገባ በቅጠልና በኮባ ክምር መካከል መተላለፊያ አልነበረም። ኡምኩልሱም አየችኝና ጮኸች፦

«መጣች! አዬ መጣች! ቦታ ልቀቁላት!»

የተገለበጠ ሳጥን አቀረቡልኝ። ሼህ አብዱልቃዲር ዓስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት እንዳበቃ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ የዚህች ከተማ ኒካህ፣ የጋብቻው ውል፣ ብዙው በእሳቸው ፊት የታሰረ ነው። ቁጥር ሦስትን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ረጅም ጊዜ አዩት።

«በመጀመሪያ» አሉ፣ «ለቱርክ ቴሌቪዥን ኒካህ አላስርም።»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ሁለተኛ፣ በእኛ መዝሀብ፣ በምንከተለው የሕግ መንገድ፣ አንድ ጊዜ መጥባት ወንድምና እህት አያደርግም። አምስት ጊዜ ጠግቦ ሲጠባ ነው። እዚህ የማየው አንድ ሥዕል ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ አይቼ ነው የምጽፈው ይላሉ አሉ። ይህ ሕፃን ስንት ጊዜ ጠባ?»

የሴቶቹ እጅ ላይ ያለው ጫት ሁሉ ቆመ።

«አንድ ጊዜ» አልሁ።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ አንድ ጥግ።

ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ኡምኩልሱም ነገር ሳይጣራ የምትለቅ አይደለችም። «ጠገበ ወይስ ቀመሰ? ካጠባችው በኋላስ ስንት ቀን ቆየች? ነገም ብታጠባውስ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አልሁ። «መብራት ጠፍቶ!»

ይህ ከአፌ ወጣ። እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። ሁሉም አየኝ። ሳብሪና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ የሳቀችው ኩብራ ናት። ጫቱ ላይ ወደ ኋላ ወደቀች። «ፈጠረችው! ዘውዴ ፈጠረችው! እኔን ሰው ገደልሽ ብላ ስታስለቅሰኝ ከርማ!» ሳቁ ከሷ ተነሥቶ ወደ አይሱዙዎቹ ደረሰ። ሼሁ መጽሐፉን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ።

«አዬ፣ ያቺን ገጽ አንቺ ነሽ ያመጣሻት?» አለች ኡምኩልሱም።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«የምን ይቅርታ? እኔ እኮ ቁጥር ሦስት ላይ ነው ያለቀስኩት! ቴሌቪዥኑማ መሬት መሬት ሲል ይውላል አሉ።»

ከወዲያ አንዷ ጮኸች፦ «ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሃሊዴን ግደይልን!»

«አትግደያት! መጀመሪያ ትደህይ!»

«ራሚዝ ጭሮ ይምጣልን!»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ እኔም እርሳስ አምጪ ብዬ ሳብሪናን ስጠራ «እማዬ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ልጄ እንዳሻው፣ በታጠበ ጫማው ቅጠል ላይ ቆሟል። ቤቱን ዘግቼ ስለነበር ጎረቤት ወደዚህ ልኮታል። እናቱን ጫት ተራ፣ ሳጥን ላይ፣ ሃሊዴ ትደህይ ወይስ ትሙት ስትል አገኛት።

«ልጅሽ ነው? ሊወስድሽ የመጣው?» አለች ኡምኩልሱም። መልስ አልጠበቀችም። ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች። «ወንድሜ፣ ማንን ነው የምትወስደው? እነዚህ ልጆች ገና አልተጋቡም እኮ!»

«የትኞቹ ልጆች?» አለ እንዳሻው።

ሰባ ሴት በአንድ ጊዜ መለሰለት።

ጥር 15፣ ሐሙስ

እንዳሻው ከቁጥር አንድ እስከ ዘጠኝ አልጋው ላይ ተኝቶ አነበበ። ሁለት ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። ሲጨርስ ወደ ማድ ቤት መጣ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምትስቅብኝ መስሎኝ።»

«እየሳቅሁብሽ ነው» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ክፍሉን አስቀብቼው ነበር፣ እማዬ።»

«ምን ቀለም?»

«ሰማያዊ።»

«ጥሩ ቀለም ነው። ለፋሲካ መጥቼ አየዋለሁ፤ ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። ከዚያ በላይ ሳብሪና ብቻዋን አትችልም፤ የራሚዝን ንግግር ለእሷ ብተወው ሁሉንም ሰው አንተ ይላል።»

ተነሥቶ ካርቶኑን ከሻንጣው ላይ አወረደና ሳህኖቹን አንድ በአንድ ከጋዜጣ እየፈታ መደርደሪያው ላይ አኖረ። የሾርባዎቹን ከጠፍጣፋዎቹ ጋር ቀላቅሏቸዋል። አላረምሁትም። ከሄደ በኋላ አስተካክላለሁ።

ጥር 16፣ ዓርብ

እንዳሻው ማለዳ ሄደ። ተከራዩን ሌላ ቤት ፈልግ ብሎ ከፊቴ ደወለለት። ሳብሪና ስድስት ዓይነት ሃሊዴ ሣላ መጣች፤ በሁሉም ላይ ደህይታለች። አብዱናስር አዲስ ስቴፕለር ገዝቷል። ኩብራ የፈጠራ ገጽ እኔም አለኝ ብላ ገብታ፣ ዲላራን ካላሰጠምን አልወጣም ብላ ተቀምጣለች።

እንዳሻው ከሚኤሶ ደወለ። በሰላም ደረስሁ ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ሻይ ቤት ሹፌሮች ተጣልተዋል። ሃሊዴ ቁጥር ስምንት ላይ ጀልባው ውስጥ ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እናቴ ናት የምትጽፈው ብያቸው ነው፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።»

«መልሱ ቅዳሜ ይወጣል፤ ገዝተው ያንብቡ» አልሁና ዘጋሁበት።

ከዚያ ወደ ሳብሪና ዞሬ «ነበረች ወይስ አልነበረችም?» አልኋት። እሷም አታውቅም።